«አላህ ተቆጥቶን ነው?» ልጆቻችን በወረርሽኙ ወቅት የጠየቁንና እኛ ያልመለስንላቸው ጥያቄ

የ2012 ረመዷን ጨረቃ በታየችበት ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጄ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶና ኮፍያውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እጄን ይዞ ወደ ተራዊሕ ሲሄድ እንዲህ ነበር የሚለብሰው። «አባ፣ አንሄድም?» አለኝ። መስጂዱ መዘጋቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «አላህ ተቆጥቶን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ብዙዎቻችን የምንለውን አልኩት፦ «ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም!» ጀለቢያውን አውልቆ ተኛ። ሌሊት ላይ ፍራሹን አርጥቦ አገኘነው። ይህን ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ያች ሌሊት ናት። በዚያ ወቅት ስለ ኮሮና ቫይረስ በየቀኑ ብዙ እንሰማ ነበር። ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት እንደተያዘ፣ ስንት እንዳገገመ፣ ስንት እንደሞተ ይነገረን ነበር። እጅ መታጠብና ርቀት መጠበቅ ተደጋግሞ ተነግሮናል። በየቤታችን ስለተቀመጡትና ሁሉንም ስለሚሰሙት ልጆች ልብ ግን ብዙም አልተወራም። የልጆቻችንን ሳንባ ለመጠበቅ የምናደርገውን ጥረት ያህል ልባቸውን ለመጠበቅ እያደረግን ነው ወይ? የብዙዎቻችን መልስ «አይደለም» ይመስለኛል። ትልቁ ስህተታችንም ዝምታችን ነው።

በሁለት ወር ውስጥ የጠፋው ዓለም

ነገሩን በልጅ ዓይን እንየው። መጋቢት 4 ቀን 2012 በሀገራችን የመጀመሪያው በቫይረሱ የተያዘ ሰው መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመላ ሀገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ቀሩ። ቀጥሎ መድረሳውና ቁርአን ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ጁሙዓ ቀረ፣ የጀመዓ ሶላት ቀረ። በመጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሰባሰብንና መጨባበጥን ከለከለ። ሚያዝያ 16 ረመዷን ሲገባ ተራዊሕ በቤት ሆነ።

ለአዋቂ ሰው እነዚህ የጥንቃቄ እርምጃዎች ናቸው። ለልጅ ግን ቀኑን ቀን ያደርጉለት የነበሩ ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ሲወሰዱበት ማየት ነው። ጓደኛው፣ ኡስታዙ፣ ኳሱ፣ ኢፍጣር ላይ የሚመጣው አጎቱ፣ ጉንጩን ስማ ቴምር የምታጎርሰው አያቱ ሁሉም ራቁት። የለመደው ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ማንም ቁጭ አድርጎ ምክንያቱን አላስረዳውም።

በዚህ ላይ ቴሌቪዥኑ አለ። በየካቲት ወር ዑምራ ቆመ፣ ከዚያም በካዕባ ዙሪያ ያለው መጣፍ ባዶ ሆኖ ታየ። በ2012ቱ ረመዷን በመስጂደል ሐራም ተራዊሕ ያለ ሕዝብ፣ በሠራተኞች ብቻ፣ ወደ አስር ረከዓ ተቀንሶ ተሰግዷል። ይህን ምስል አይተን እኛ አዋቂዎች አልቅሰናል። አጠገባችን ተቀምጦ ፊታችንን ሲመለከት የነበረውን ልጅ ግን ስንቶቻችን አየነው? ልጅ የሚያነበው የዜናውን ጽሑፍ አይደለም፣ የወላጁን ፊት ነው።

ዝምታ ልጅን አይጠብቅም

በእኛ ባህል «ልጅ ነው፣ አይገባውም» የሚል አመለካከት አለ። ከክፋት የመጣ አይደለም፣ ልጁን ከጭንቀት ለማዳን ታስቦ ነው። ሆኖም ልጅ የማይነገረውን ነገር መስማት አያቆምም። በር ዘግተን ስናወራ ይሰማል። ስልክ ላይ «እንዲህ ከሆነ አለቅን» ስንል ይሰማል። የሰማውን ቁርጥራጭ በራሱ ሐሳብ ይገጣጥመዋል። የሚገጣጥመው ታሪክም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው።

በልጄ ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አጠገቤ አስቀምጬ «አላህ ተቆጥቶን ነው ያልከኝ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ አልነገረኝም። ቆይቶ ግን አንገቱን ደፍቶ «አምና ተራዊሕ ላይ እኔና ጓደኞቼ ከሰፉ ኋላ ስንሯሯጥ ነበር። ሽማግሌው አላህ ይቀጣችኋል ብለውናል» አለኝ። ለካስ መስጂዱ የተዘጋው በእሱ ጥፋት ነው ብሎ ያምን ነበር! አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የዓለምን ወረርሽኝ በትከሻው ተሸክሞ ሦስት ሌሊት አድሯል። እኔ ደግሞ «ዝም በል» ብዬ ሸክሙን አጠበቅኩበት።

በልጆች አስተዳደግ ላይ የሠሩ ባለሙያዎች የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ትንንሽ ልጆች በዙሪያቸው ለሚደርስ መጥፎ ነገር ራሳቸውን ምክንያት ማድረግ ይቀናቸዋል። «ስለበጠበጥኩ ነው እማዬ የታመመችው» ብሎ ማሰብ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነው። ይህን ሐሳብ ከልጁ ልብ ማውጣት የሚቻለው ጠይቆ በመስማት ብቻ ነው። ባልጠየቅነው ነገር ልናጽናናው አንችልም።

ፍርሃት በልጅ ላይ እንዴት ይናገራል?

ልጅ «ጨንቆኛል» ብሎ ላይናገር ይችላል። ፍርሃቱ የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው። ትንንሾቹ ትተውት የነበረውን ነገር እንደገና ይጀምራሉ፦ አልጋ ማርጠብ፣ ጣት መጥባት፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቅ፣ ብቻቸውን መተኛት መፍራት። ከፍ ያሉት ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ ይላሉ፣ ሌሊት ይባንናሉ፣ በጥቂት ነገር ያለቅሳሉ ወይም ይቆጣሉ። ወጣት ወደ መሆን የተቃረቡት ደግሞ ዝም ይላሉ፣ በራቸውን ዘግተው ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ፣ አንዳንዴም «ምንም አይመስለኝም» እያሉ ጥንቃቄውን ይንቃሉ።

ይህን ሁሉ እንደ ባለጌነት ቆጥረን በዱላ ስንመልስ ነገሩ ይከፋል። በወረርሽኙ ወቅት ቤት ተዘግቶ፣ ሥራ ቀዝቅዞ፣ ገቢ ቀንሶ፣ ትዕግሥታችንም አብሮ ቀንሶ ነበር። በእነዚያ ወራት በልጆች ላይ ይወርድ የነበረው ቁጣ ሁልጊዜ የልጆቹ ጥፋት ውጤት እንዳልነበረ ለራሳችን ማመን አለብን። ብዙውን ጊዜ የቤት ኪራዩ፣ የተዘጋው ሱቅ፣ የማይመጣው ሐዋላ ነው ልጁ ላይ የሚያርፈው። አንድ ወላጅ ሲናደድ ውዱእ አድርጎ፣ ወይም ወደ ደጅ ወጣ ብሎ ተንፍሶ ቢመለስ ለልጁ ትልቅ ውለታ ነው።

ለጥያቄው መልስ አለን

«አላህ ተቆጥቶን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣ ጥያቄ አይደለም። ታሪካችን ውስጥ መልሱ አለ። በሒጅራ 18ኛው ዓመት በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ ተነሳ። በዚያ በሽታ ከሞቱት መካከል ጀነት ከተበሰሩት አስር ሰሓቦች አንዱ የሆኑት አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። ታላቁ ዓሊም ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ) በዚያው ወረርሽኝ አርፈዋል። በሽታ የመጥፎ ሰው ምልክት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ባልነካ ነበር። ልጅ ይህን ይገባዋል፦ «በጣም ጥሩ ሰዎችም ይታመማሉ። መታመም የተጠላ ሰው ምልክት አይደለም።»

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ወደ ሻም እየሄዱ ሳለ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው ሰዎችን አማክረው ከመንገድ ተመለሱ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ እንደሆነ አስረድተዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት ምድር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ አስተምረዋል። እንግዲህ በወረርሽኙ ወቅት ቤት መቀመጣችን የፍርሃት ሳይሆን የትምህርቱ አካል ነበር። ለልጄ ያልኩት ይህን ነው፦ «መስጂዱ የተዘጋው አላህ ስለጠላን አይደለም። ሽማግሌዎቹ እንዳይታመሙ ነው። ቤት ስትሰግድ እነሱን እየጠበቅካቸው ነው።» ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ከተቀጣ ልጅነት ወደ ጠባቂነት ተሸጋገረ።

አንዳንዶቻችን በልጆች ፊት «ይህ የእገሌ ሕዝብ ቅጣት ነው» ስንል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በሽታው ነገ ወደ ራሳችን ቤት ሲገባ ልጁ «እኛም የተቀጣን ነን» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛ፣ ልጁ ሰውን ማራቅና ማዋረድ ይማራል። በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የውጭ ሀገር ሰዎችን «ኮሮና!» እያሉ የሚጮሁ ታይተዋል። ከጮኹት መካከል ልጆችም ነበሩ። ልጆቹ ቃሉን ከራሳቸው አላመጡትም፣ ከእኛ ነው የሰሙት።

ለልጅ ስሜት ቦታ መስጠትም ሱና ነው። የአነስ ትንሽ ወንድም አቡ ዑመይር የምትጫወትበት ወፍ ሞታበት አዝኖ ባዩት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ወፍ ናት፣ ተዋት» አላሉትም። እንደ ትልቅ ሰው በኩንያው ጠርተው ስለ ወፏ ጠየቁት። የአንድ ሕፃን ሐዘን የሕዝብ መሪ የሆኑትን ሰው ጊዜ የሚወስድ ጉዳይ ነበር። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም አልቅሰዋል። ማልቀስ የኢማን ጉድለት አለመሆኑን ልጆቻችን ከዚህ በላይ ከማን ይማራሉ?

ምን እናድርግ?

*መጀመሪያ እንጠይቅ።* «ስለ ኮሮና ምን ሰማህ? ምን ያስፈራሃል?» ብለን እንጀምር። በሚያዝያ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ የረድኤት ድርጅቶች በጋራ «ጀግናዬ አንተ ነህ» የሚል ትርጉም ያለው የልጆች መጽሐፍ አውጥተዋል። ከመጻፋቸው በፊት ከ104 ሀገሮች ከ1,700 በላይ ልጆችን፣ ወላጆችንና መምህራንን ጠይቀዋል። ይህን ያህል ድርጅት ልጅን ጠይቆ ከጀመረ እኛ በቤታችን መጠየቅ አያቅተንም።

*እውነቱን በልኩ እንንገር።* ለአምስት ዓመት ልጅ «በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፣ ሰውን ያሳምማል፣ በሳሙና ስንታጠብ ይሄዳል» ማለት ይበቃል። ለአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ብዙ ሰዎች እንደሚድኑ፣ አንዳንዶች እንደሚሞቱ፣ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በሽታው ቀለል እንደሚል መንገር ይቻላል። «ማንም አይታመምብንም» ብለን ቃል አንግባ፣ በእጃችን ያልሆነ ነገር ነውና። «ብንታመም ሐኪም አለ፣ እኔ አጠገብህ አለሁ፣ አላህም አለ» ማለት እውነትም ነው፣ ያጽናናልም።

*ቀኑን በሶላት እንስፈረው።* የትምህርት ቤት ደወል በጠፋበት ጊዜም አዛን አልጠፋም። ከሱብሒ በኋላ ቁርአን፣ ከዚያ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ከዙህር በኋላ ጨዋታ፣ ከዐስር በኋላ የኢፍጣር ዝግጅት ብንል ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። የሚቀጥለውን ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል።

*ሥራ እንስጣቸው።* ሥራ ያለው ልጅ እንደ ተጠቂ አይሰማውም። አንዱ የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን ይሙላ፣ ሌላዋ ሳሙናውን ትቆጣጠር። ውዱእ ንጽሕና ነው፣ ቫይረሱን የሚያስወግደው ግን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታሸት ነውና ሁለቱን አስተባብረው ይልመዱ። በቤት ጀመዓ ላይ ወንድ ልጅ አዛን ያድርግ፣ ሴት ልጅ መስገጃውን ታንጥፍ፣ በሚቀጥለው ቀን ከሶላት በኋላ የሐፈዘችውን ሱራ ለቤተሰቡ ትቅራ። ለጎረቤት የሚላከውን ሳምቡሳ በር ላይ አስቀምጦ አንኳኩቶ ራቅ ብሎ መቆም ራሱ ለልጅ ደስ የሚል ሥራ ነው።

*ዜናውን እንመጥነው።* በወረርሽኙ ወቅት የዕለቱን የጤና ሚኒስቴር መግለጫ አንድ ጊዜ መስማት ለቤቱ ይበቃ ነበር። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚዞሩ የሬሳ ምስሎችና «ይህን ድምፅ ለሁሉም አስተላልፉ» የሚሉ ወሬዎች በልጅ ፊት ባይከፈቱ ይሻላል። «ካልተኛህ ኮሮና ይወስድሃል» የሚለውን ማስፈራሪያም እንተው። ጅቡን ልጁ አድጎ ይስቅበታል፣ ኮሮና ግን ማታ በዜና ላይ እውነት ሆኖ ይመጣበታል።

ሸክማቸው የከበደ ልጆች

ከላይ ያልኩት ሁለቱም ወላጆች አጠገቡ ላሉ ልጅ ነው። በማኅበረሰባችን ግን እናቱ በሳዑዲ፣ በኩዌት ወይም በቤይሩት ሆና ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ ብዙ ነው። በሚያዝያ ወር ከሳዑዲ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተመልሰው ለ14 ቀናት ለይቶ ማቆያ ገብተዋል። እናቱ ሀገር መግባቷን ሰምቶ ሊያገኛት ያልቻለ ልጅ «አትፈልገኝም» ብሎ እንዳያስብ አያት ቀኑን አብራው ልትቆጥር ይገባል፦ «ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው፣ ዘጠኝ ቀርቶናል።» ግድግዳ ላይ አስራ አራት መስመር አስምሮ በየቀኑ አንዱን መሰረዝ ገንዘብ አይጠይቅም። ያልተመለሰች እናት ያለችው ልጅም የእናቱን ድምፅ በተወሰነ ሰዓት፣ አጭርም ቢሆን፣ ቢሰማ ይረጋጋል።

ሞት በገባበት ቤትም እውነቱን መደበቅ አይጠቅምም። «አያትህ ተኝተዋል» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ ሀገር ሄደዋል» የተባለ ደግሞ ሲጠብቅ ይኖራል፣ ሲያውቅም በእኛ ላይ ያለው እምነት ይሰበራል። ሞተዋል፣ ወደ አላህ ተመልሰዋል፣ ዱዓህ ይደርሳቸዋል ብንለው ሐዘኑን ማዘን ይችላል። በወረርሽኙ ወቅት ጀናዛ ላይ የሚገኘው ሰው ጥቂት ነበር፣ ለቅሶ ቤቱም ጭር ብሎ ነበር። ስለዚህ ልጁ በቤቱ ውስጥ ዱዓ የሚያደርግበት፣ ስለ አያቱ የሚያወራበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲመታ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ16,000 በላይ ልጆች አባት፣ እናት ወይም አሳዳጊ እንዳጡ ዩኒሴፍ መዝግቧል። መጀመሪያ ላይ በሽታውን ያመጡብናል ተብለው የተገፉ ነበሩ። በኋላ ግን እጅግ የሚበዙትን የወሰዳቸው የራሳቸው ዘመድና ጎረቤት ነበር። እኛም ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ከለይቶ ማቆያ የወጣ ቤተሰብ ልጅ ከጨዋታ ሲገለል ዝም ብለን ካየን ከበሽታው የባሰ ቁስል እናተርፍለታለን። ለየቲም ትልቅ ቦታ የሰጠ ዲን ያለን ሰዎች ነን፣ ይህ ለእኛ አዲስ ግዴታ አይደለም።

የመስጂድና የመድረሳ ድርሻ

ይህ ሥራ ለወላጅ ብቻ የሚተው አይደለም። ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን ስለ ወረርሽኙ ለአዋቂዎች ብዙ ትምህርት ሰጥተዋል። አሁን ለልጆች በልጆች ቋንቋ የሚናገር ድምፅ ያስፈልጋል። የቁርአን ቤት ኡስታዝ ለተማሪዎቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ በየስማቸው አጭር የድምፅ መልእክት ቢልክ፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው በተራ ደውሎ «ሱረቱል ሙልክ የት ደረሰች?» ቢል፣ ልጁ ያልተረሳ መሆኑን ያውቃል። መስጂድ ውስጥ በልጆች ላይ የምንጮኽ ሰዎችም አንደበታችንን እናስብ። ከሰፍ ኋላ የሮጠ ልጅ ምን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ እንደሄደ እኔ በዚያ ዓመት አውቄያለሁ።

ልጁ ለሳምንታት የማይተኛ፣ የማይበላ፣ ጨርሶ የማይናገር ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሚናገር ከሆነ በምክር ብቻ አንያዘው። ሩቃ ማድረግና ሐኪም ማማከር አይጋጩም፣ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። በ2012 ስለ በሽታው ለሚነሳ ጥያቄም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ነበር።

ይህን በማስብበት ጊዜ የ2012 ረመዷን ተጋምሶ ነበር። ነገሮች በዚያው ከቀጠሉ ዒዱን እንደ ወትሮው ስታዲየም ወጥተን በጋራ ላንሰግድ እንችል ነበር። ይህን ለልጆች በዒዱ ጠዋት ሳይሆን አስቀድመን ልንነግራቸው፣ ምን እንደምናደርግም አብረን ልናቅድ ይገባ ነበር። በእኛ ቤት ዕቅዱን ያወጣው ልጄ ነው። ጠዋት ሁላችንም አዲስ ባይሆንም የታጠበ ልብስ ለብሰን ሳሎን ውስጥ ተክቢራ እናደርጋለን፣ አባት ያሰግዳል፣ ከዚያ ለአያት በስልክ ይደወላል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «አባ፣ እዚህ ከሰፉ ኋላ ብሮጥ ችግር አለው?» የለውም አልኩት።

አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ ልጆቻችንን ከበሽታውም ከፍርሃቱም ይጠብቅልን። የታመሙትን ያሽርልን፣ የሞቱትን ይማርልን። አሚን።